በአንድ ቅጠል ወረቀት ላይ የቀሩ ቁጥሮች

ወደ ፊት የተወረወረ ነገር በምን ዓይነት መንገድ ሄዶ ከምድር ላይ እንደሚያርፍ የሰው ልጅ ከጥንት ጀምሮ ሲመለከተው የኖረ ጉዳይ ነው። እረኛው በወንጭፉ፣ አዳኙ በቀስቱ፣ ወታደሩም በመድፉ ይህንኑ መንገድ ሲጠቀምበት ኖሯል። ይሁን እንጂ መንገዱን ማየትና መንገዱን መለካት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ከማየት ወደ መለካት እስኪደረስም ብዙ መቶ ዓመታት አልፈዋል። በዘመናችን አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ከጠረጴዛ ላይ የብረት ኳስ አንከባሎ፣ የወደቀችበትን ስፍራ ምልክት አድርጎ፣ በአንድ ክፍለ ጊዜ የሚፈጽመው ሙከራ የዚህ ረጅም ታሪክ ልጅ ነው። እኛም ከዚሁ ታሪክ አንዱን ክፍል፣ ይኸውም ቁጥር እንዴት ተለክቶ እንዴት ቢጻፍ እምነት ሊጣልበት እንደሚችል የሚያሳየውን ክፍል፣ ለአንባቢያን ለማቅረብ ወድደናል። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ስለዚህ ነገር በሒሳብ መንገድ አስበው ከጻፉት ቀደምት ሰዎች አንዱ ኢጣሊያዊው ኒኮሎ ታርታሊያ ነው። ታርታሊያ በ1537 በቬኒስ ባሳተመው መጽሐፍ መድፍ እጅግ ሩቅ የሚተኩሰው አፈ ሙዙ በ45 ዲግሪ ቀና ሲል ነው ብሎ አስተማረ። የጥይቱን መንገድ ሲሥል ግን በመጀመሪያ ቀጥ ያለ፣ ከዚያ የክበብ ቁራጭ የሚመስል፣ በመጨረሻም ወደ መሬት ቀጥ ብሎ የሚወርድ አድርጎ ሣለው። በ1546 ባወጣው ሌላ መጽሐፉ ከመንገዱ አንዳችም ክፍል ፍጹም ቀጥ ያለ እንዳልሆነ ገለጸ። ሐሳቡ ወደ እውነት እየቀረበ ሄደ፤ ነገር ግን መድፍ ለትክክለኛ ልኬት የሚመች መሣሪያ አይደለም። ባሩዱ አንድ ጊዜ ደረቅ፣ አንድ ጊዜ እርጥብ ይሆናል፤ የጥይቱም ልክ ከአፈ ሙዙ ስፋት ጋር ሁልጊዜ አይስማማም፤ ከዚህም የተነሣ አንዱ ተኩስ ከሌላው አይመሳሰልም። ለመለካት የሚሻ ሰው ኀይለኛውን መድፍ ትቶ ዝግ ብላ የምትንከባለለውን ትንሽ ኳስ መያዝ ነበረበት።

ወደዚህች ትንሽ ኳስ ፊቱን ከመለሱት መካከል መስፍኑ ጉይዶባልዶ ዴል ሞንቴ ይገኛል። ይህ ሰው የጋሊሌዮ ወዳጅና ረዳት ነበር፤ በ1607 ዐረፈ። በማስታወሻ ደብተሩ እንዳሰፈረው፣ ኳሲቱን ቀለም ነክሮ ቀና ብሎ በቆመ ሰሌዳ ላይ ቢወረውራት የሄደችበትን መንገድ ራሷ ጽፋ ታልፋለች። የሣለችውም መሥመር ሲወጣና ሲወርድ አንድ ዓይነት ቅርጽ ያለው ነው። ዛሬ ተማሪዎች በወለል ላይ ነጭ ወረቀት አንጥፈው፣ በላዩ የካርቦን ወረቀት ደርበው፣ ኳሲቱ በወደቀችበት ቦታ ጥቁር ነጥብ እንድትተው ሲያደርጉ የሚከተሉት ይህንኑ ዘዴ ነው። ነገሩ ቀላል ይመስላል። ቁም ነገሩ ግን ምስክርነቱን ከተመልካቹ ዓይን አንሥቶ ለኳሲቱ ለራሷ መስጠቱ ላይ ነው፤ ዓይን የጠበቀውን ያያል፣ የካርቦን ወረቀት ግን የሚጠብቀው ነገር የለውም።

ጋሊሌዮ ጋሊሌይ ከ1592 እስከ 1610 በፓዱዋ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ መምህር ነበር። በዚያ ሳለ፣ በ1608 ገደማ፣ ሥዕልና ቁጥር ብቻ የሞሉበትን አንድ ቅጠል ወረቀት ጻፈ። ወረቀቱ አሁን በፊሬንዜ ከተማ በብሔራዊው ማዕከላዊ ቤተ መጻሕፍት፣ ከጋሊሌዮ ጽሑፎች 72ኛ ቁጥር በተሰጠው ጥራዝ ውስጥ ይገኛል፤ የቅጠሉ ቁጥር 116 ሲሆን ሥዕሉ ያለው በጀርባው ነው። ከጠረጴዛ ጠርዝ ተነሥተው ወደ ወለል የሚወርዱ ቆልማማ መሥመሮች ተሥለውበታል፤ በየመሥመሩ አጠገብ ቁጥር አለ። መለኪያው «ፑንቶ» ይባላል፤ አንዱ ፑንቶ በዛሬው ልክ ከአንድ ሚሊ ሜትር በጥቂት ያንሳል። የጠረጴዛው ቁመት 828 ፑንቶ ተብሎ ተጽፏል፤ ይህም 78 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ እንግዲህ ከተራ ጠረጴዛ ቁመት የማይለይ ነው።

ሥራው እንዲህ ነበር። ኳሲቱ ከጠረጴዛው በላይ ከተወሰነ ከፍታ ላይ በተዳፋት ትለቀቃለች፤ ተንከባልላ ወርዳ ከጠርዙ አግድም ትወጣለች፤ ከዚያም በአየር ላይ ተጉዛ ወለሉን ትመታለች። ከ300 ፑንቶ ከፍታ በተለቀቀች ጊዜ ከጠረጴዛው ጠርዝ 800 ፑንቶ ርቃ ወደቀች። ከ600 ስትለቀቅ 1172፣ ከ800 ስትለቀቅ 1328፣ ከ828 ስትለቀቅ 1340፣ ከ1000 ስትለቀቅ 1500 ፑንቶ ሆነ።

የዚህን ሙከራ ብልኀት ለመረዳት የጊዜን ነገር ማሰብ ያስፈልጋል። ከ78 ሳንቲ ሜትር ቁመት የሚወድቅ ነገር መሬት የሚደርሰው በአንድ ሰከንድ አራት ዐሥረኛ ያህል ጊዜ ነው። የሩጫ ዳኞች የሚይዙትን ዓይነት ሰዓት በእጁ ይዞ ይህን ጊዜ ለመለካት የሚሞክር ተማሪ፣ አይቶ ጣቱን እስኪያንቀሳቅስ ብቻ አንድ አምስተኛ ሰከንድ ገደማ ያልፍበታል፤ ስሕተቱ የሚለካው ነገር ግማሽ ይሆናል ማለት ነው። ጋሊሌዮ እንዲህ ያለ ሰዓት እንኳ አልነበረውም፤ ለዚህ ሙከራ ግን አላስፈለገውም። ጠረጴዛው አንድ ስለ ሆነ የመውደቂያው ጊዜ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ስለዚህ ኳሲቱ ፍጥነቷ በበለጠ መጠን በዚያው ልክ ርቃ ትወድቃለች። ሊይዙት የማይቻለው ጊዜ በወለል ላይ ወደ ተዘረጋ ርዝመት ተለወጠ፤ ርዝመትን ደግሞ ማንም ተንበርክኮ ሊለካው ይችላል።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንመለስ፤ እጅግ የሚያስደንቀው ገና አልተነገረምና። ጋሊሌዮ ፍጥነት ከከፍታው ጋር እንዴት እንደሚያድግ ሕጉን አስቀድሞ ዐውቆ ነበር፤ ከፍታው እጥፍ ሲሆን ፍጥነቱ እጥፍ አይሆንም፣ የሁለት ዳግም ዘር ያህል ነው የሚበዛው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ልኬት፣ ማለትም የ300ውን 800፣ መነሻ አድርጎ ሌሎቹ ስንት «ሊሆኑ ይገባ እንደ ነበር» አሰላ። ያገኘውም 1131፣ 1306፣ 1330 እና 1460 ነበር። ከዚያም በየአንዳንዱ አጠገብ ልዩነቱን ጻፈ፦ 41፣ 22፣ 10፣ 40። ከእነዚህ አንዱንም አልፋቀም፤ የተለካውን ከታሰበው ጋር ለማስማማት አላሻሻለም። ልዩነቱ ሲበዛ ከመቶ 4 እጅ አይሞላም፣ ግን ልዩነት ነው፤ ልዩነት ተብሎም በራሱ እጅ ተጽፎ ቀረ።

እዚህ ላይ የራሳችንን አስተያየት ብንጨምር ደስ ይለናል። አራቱም ልዩነቶች ወደ አንድ ወገን ማጋደላቸውን አንባቢ ሳያስተውል አይቀርም፤ የተለካው ሁልጊዜ ከታሰበው ይበልጣል። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። ጋሊሌዮ ሁሉንም የመሠረተው በአንድ ልኬት ላይ ነው፤ ያ አንዱ ጥቂት ዝቅ ያለ ከሆነ ጉድለቱ ወደ አራቱም ይተላለፋል። ዛሬ እንደሚደረገው አምስቱን ልኬቶች እኩል ምስክሮች አድርገን፣ የየአንዳንዱን ርቀት ዳግም ብዜት ለከፍታው አካፍለን፣ የአምስቱን አማካይ ብንወስድ 2209 ያህል ይወጣል፤ የዚህም ዳግም ዘር 47 ነው። በዚህ መነሻ ብናሰላ ርቀቶቹ 814፣ 1151፣ 1329፣ 1352 እና 1486 ይሆናሉ። ከተለኩት ጋር ሲተያዩ የመጀመሪያው በ14 ያንሳል፣ ሁለተኛው በ21 ይበልጣል፣ ሦስተኛው በ1፣ አራተኛው በ12 ያንሳሉ፣ አምስተኛው በ14 ይበልጣል። ስሕተቱ በሁለቱም ወገን ተበተነ፤ ትልቁም ሁለት ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ሆነ። ከአራት መቶ ዓመት በኋላ ይህን ልናሰላ የቻልነው ሰውዬው ያገኘውን እንዳገኘው ስለ ጻፈው ነው። አስተካክሎ ጽፎት ቢሆን ኖሮ የምናገኘው የራሱን ሕግ ብቻ ነበር፤ ሕጉን ደግሞ ከመጽሐፉም እናውቀዋለን።

ታዲያ ጋሊሌዮ ይህን ወረቀት አላሳተመውም። በ1638 በላይደን የታተመው የሁለቱ አዳዲስ ዕውቀቶች መጽሐፉ የተወረወረ ነገር መንገድ ፓራቦላ መሆኑን በሒሳብ ያስረዳል፤ የፓዱዋው ጠረጴዛ ቁጥሮች ግን በውስጡ የሉም። ስለ ተዳፋቱ ሙከራ በሰፊው ይተርካል፤ ርዝመቱ 12 ክንድ በሆነ እንጨት ላይ ቦይ ተቦርቡሮ፣ ብራና ተለጥፎበት፣ የነሐስ ኳስ እንደ ተንከባለለበት ይናገራል። ጊዜው የተለካው በውሃ ነው፦ ከትልቅ ዕቃ በቀጭን ቧንቧ የሚወርደው ውሃ ኳሲቱ በምትንከባለልበት ጊዜ ብቻ ተጠራቅሞ በሚዛን ይመዘን ነበር። ሙከራው መቶ ጊዜ ያህል ተደግሞ ሁልጊዜ ከሕጉ ጋር እንደ ተስማማ ጽፏል። ነገር ግን ሠንጠረዥ አላቀረበም። መቶ ጊዜ ከተባለው አንዱ እንኳ በቁጥር አልታየም።

ከዚያም አስቀድሞ በ1632 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ከ100 ክንድ ከፍታ የተለቀቀ የብረት ጥይት በ5 ሰከንድ እንደሚወርድ ጽፎ ነበር። የፊሬንዜ ክንድ 58 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለ ሆነ በዛሬው ስሌት ጊዜው ሦስት ሰከንድ ተኩል ገደማ ነው። ክንድ እንደ እኛው አገር ክንድ ከቦታ ቦታ እንደሚለይ ይታወቃል፤ ይሁን እንጂ ይህን የሚያህል ልዩነት በክንድ ማመካኘት አይቻልም። ፈረንሳዊው መነኵሴ ማሬን ሜርሴን ራሱ ለክቶ ነገሩ አልስማማ ቢለው፣ በ1636 ባወጣው መጽሐፍ ጋሊሌዮ የተዳፋቱን ሙከራ በእርግጥ ማድረጉን እጠራጠራለሁ አለ። የቦሎኛው ኢየሱሳዊ ካህን ጆቫኒ ባቲስታ ሪቾሊ ደግሞ ጉዳዩን በሌላ መንገድ ያዘው። ከመለካቱ በፊት መለኪያውን ለመመርመር ተነሣ። ፔንዱለሙ በአንድ ሰከንድ አንድ ጊዜ መወዛወዙን ለማረጋገጥ፣ ዘጠኝ ካህናት እየተፈራረቁ ለ24 ሰዓት ውዝዋዜውን እንዲቈጥሩ አደረገ። ሊሆን የሚገባው 86,400 ነበር፤ የተቈጠረው 87,998 ሆነ። ሪቾሊ ቁጥሩን አልደበቀም። ከአሲኔሊ ግንብ ላይ ኳሶች እየለቀቀ ያገኘውን ውጤት በ1651 ባሳተመው ታላቅ መጽሐፍ ከነቁጥሩ አወጣው፤ ጋሊሌዮን ሊነቅፍ ተነሥቶ የጋሊሌዮን ሕግ አጸና።

ጥርጣሬው ግን በሜርሴን አላበቃም። በ20ኛው ምእት ዓመት አሌክሳንድር ኮይሬ የተባለው የዕውቀት ታሪክ ጸሐፊ፣ ጋሊሌዮ በአእምሮው የሠራ ፈላስፋ ነው፣ የውሃ ሰዓቱም ለዚህ ዓይነት ልኬት የሚበቃ አይደለም ብሎ ጻፈ። ይኸው ሰው በ1953 ባወጣው ጽሑፍ የሪቾሊንና የባልደረቦቹን ትዕግሥት አድንቋል። ብዙ ሊቃውንትም የኮይሬን ፍርድ ተቀበሉ። ሊቀበሉትም የሚያስገድድ ነገር ነበረ፤ የጋሊሌዮን ሥራዎች ከ1890 እስከ 1909 ሰብስቦ ያሳተመው አንቶንዮ ፋቫሮ፣ ቃል የሌለባቸውን፣ ቁጥርና ሥዕል ብቻ ያለባቸውን ቅጠሎች ከጥራዙ ትቷቸው ነበርና። 116ኛው ቅጠል ከተተዉት መካከል ነው። ፋቫሮን በዚህ አንወቅሰውም፤ ሌላው ሥራው ሁሉ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ቁጥር ከቃል ያነሰ ምስክር ተደርጎ መቈጠሩ ያስከተለውን ማየት ይገባል።

የመጀመሪያውን መልስ የሰጠው ተማሪ ነው። ቶማስ ሴትል የተባለ አሜሪካዊ፣ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ገና በትምህርት ላይ ሳለ፣ ጋሊሌዮ በመጽሐፉ የጻፈውን ተዳፋት እንደ ተጻፈው ሠራ። ለውሃው ዕቃ የተጠቀመው ተራ የአበባ መትከያ ገንቦ ነበር። በ1961 ባሳተመው ጽሑፍ፣ የውሃ ሰዓቱ እስከ አንድ ሰከንድ ዐሥረኛ ድረስ ሊታመን እንደሚችል፣ ውጤቱም ጋሊሌዮ እንዳለው መሆኑን አሳየ። ሁለተኛው መልስ የመጣው በ1973 ነው፤ ስቲልማን ድሬክ በፊሬንዜ ያለውን ጥራዝ ቅጠል በቅጠል መርምሮ 116ኛውን ቅጠል ለሊቃውንት አቀረበ። የታተመው የ5 ሰከንድ ቁጥር ያሳጣውን ስም ያልታተሙት አምስት ርቀቶች መለሱለት። እምነት ያስገኙለትም ከሕጉ ጋር ፍጹም ስለ ተስማሙ አይደለም፤ እንዲያውም 41 እና 40 በመሳታቸው ነው። በአእምሮው ብቻ የሠራ ሰው ስሕተትን አይፈለስፍምና።

ፓራቦላው ወሰን እንዳለው መጥቀስ ተገቢ ነው። እንግሊዛዊው ቤንጃሚን ሮቢንስ በ1742 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በተንጠለጠለ ከባድ እንጨት ላይ ጥይት እየተኰሰ፣ እንጨቱ ከተወዛወዘበት ልክ የጥይቱን ፍጥነት አሰላ፤ አየር ፈጣን ጥይትን የሚቃወምበት ኀይል የመድፍ ባለሙያዎች ከገመቱት እጅግ የበለጠ መሆኑንም ገለጸ። ከጠረጴዛ ላይ የምትወድቅ የብረት ኳስ ግን ዝግተኛና ከባድ ስለ ሆነች አየር ብዙም አይነካትም፤ ተማሪዎች በእርስዋ መሥራታቸው ስለዚህ ነው።

እንግዲህ በዘመናችን ይህን ሙከራ የሚሠሩ ተማሪዎች ከመኪና ኩሽኔታ የወጣች የብረት ኳስ፣ የታጠፈ የብረት ቦይና አንድ ጠረጴዛ ካላቸው፣ ከፓዱዋው መምህር የሚያንስ መሣሪያ የላቸውም። የሚያንሳቸው ብዙ ጊዜ ትዕግሥት ነው። የቦዩ ጫፍ አግድም መሆኑን በውሃ ልክ ሳይመለከቱ ሥራ የሚጀምሩ ብዙዎች ናቸው። በሰከንድ 2 ሜትር የምትሄድ ኳስ የወጣችበት ጫፍ 2 ዲግሪ ብቻ ወደ ታች ቢያዘነብል፣ ከጋሊሌዮ ጠረጴዛ በሚያህል ቁመት ላይ ርቀቱ ከአንድ ሳንቲ ሜትር በላይ ያጥራል። ክፋቱ ይህ ስሕተት ሁልጊዜ በአንድ ወገን መሆኑ ነው፤ ሙከራውን ዐሥር ጊዜ ቢደግሙት ዐሥሩም ነጥቦች በአንድነት ተሰብስበው ይወድቃሉ፣ ተማሪውም በመሰብሰባቸው ደስ ብሎት ይታለላል። መደጋገም የሚያጋልጠው የእጅን መንቀጥቀጥና የአለቃቀቅን ልዩነት ነው፤ የጠረጴዛን መዝመም አያጋልጥም። ርቀቱም የሚለካው ከጠረጴዛው እግር አይደለም፤ ከቦዩ ጫፍ ቱምቢ ወርዶ ወለሉን ከነካበት ነጥብ ነው።

አጻጻፉም የራሱ ሥርዓት አለው። ዐሥር ነጥቦች ከወረቀቱ ላይ ቢገኙ ዐሥሩም ይጻፋሉ፤ አንዱ ከሌሎቹ ቢርቅ ለምን እንደ ራቀ አጠገቡ ማስታወሻ ይደረጋል እንጂ በላጲስ አይጠፋም። በሚሊ ሜትር በተከፈለ ማስመሪያ ለክቶ 71.428 ሳንቲ ሜትር ብሎ መጻፍም ከመሣሪያው በላይ ማወቅ ነው፤ ማስመሪያው የማያየውን ቁጥር ያየው ማን ነው? ከሁሉ የሚከፋው ግን መልሱን ከመማሪያ መጽሐፉ አስቀድሞ አስልቶ፣ ለኳሲቱ የሚስማማ ርቀት የሚመርጥላት ተማሪ ነው። በአንዳንድ ክፍል ይህ ልማድ ከመሆኑ የተነሣ፣ ልዩነቱን በእውነት የጻፈው ልጅ ያነሰ ነጥብ ሲሰጠው፣ ምንም ሳይለካ ያስማማው ይመሰገናል። ለዚህ ተጠያቂው ተማሪው ብቻ ነው አንልም፤ ሠንጠረዡን ትቶ የመጨረሻውን መልስ ብቻ የሚያርመው መምህርም ድርሻ አለው።

በሠንጠረዡ ላይ ከርቀቶቹ ጋር የሙከራው ሁኔታ ሁሉ መስፈር አለበት፦ የቦዩ ቁመትና መዝመም፣ የኳሲቱ ክብደትና ስፋት፣ ከየከፍታው ስንት ጊዜ እንደ ተለቀቀች። በዚህ ነገር ጋሊሌዮ እንኳ አርአያ ሊሆን አይችልም። በ116ኛው ቅጠል ላይ ከፍታዎቹና ርቀቶቹ አሉ፤ የተዳፋቱ ማዕዘን ግን የለም፤ ኳሲቱም ከተዳፋቱ ወደ አግድም እንዴት እንደ ተመለሰች፣ ከየከፍታው ስንት ጊዜ እንደ ተለቀቀች አልተጠቀሰም። ድሬክ ወረቀቱን ካወጣው ጀምሮ ሊቃውንት ተዳፋቱን እንደገና እየሠሩ፣ ኳስ እያንከባለሉ፣ ማዕዘኑ ይህን ያህል ነበር፣ አይደለም ያን ያህል ነበር እያሉ ሲከራከሩ ኖረዋል፤ ክርክሩን በአንድ ቃል ሊዘጋ ይችል የነበረው ቁጥር በወረቀቱ ላይ አልተጻፈምና።